ለአንድ ብር ዕዳ ሁለት ብር

የእህቴ ባል ሲናደድ አይጮህም፤ ካልኩሌተር ያነሳል። ቁልፎቹን ጠቅ ጠቅ ያደርግና ቁጥሩ የሚታይበትን መስኮት ወደ ሰው ያዞራል። ስድስት ዓመት ሙሉ በዱቄት ፋብሪካው ቢሮ ውስጥ ያንን ካልኩሌተር ሲያዞርብኝ ኖሬአለሁ። እሁድ እሁድ ደግሞ እህቴ ቤት ምሳ ላይ ያዞርብኝ ነበር። ይህን የምጽፈው ንዴቴ በርዶ ነው ብል ውሸት ነው። አልበረደም።

ፋብሪካው ከሶዶ ወደ በዴሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ፣ የጥቂት ነጋዴዎች አክሲዮን ነው። እሱ ከባለአክሲዮኖቹ አንዱና ሥራ አስኪያጁ ነበር፣ እኔ ሒሳብ ሹም። ቦታውን ያገኘሁት በእሱ በኩል ነው፤ ይህንን እንድረሳ አንድ ቀን ፈቅዶልኝ አያውቅም። አያቴ ከሰሜን ለጸሐፊነት መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ስለነበር እኛ ቤት የሚነገረው አማርኛ ነው። ወላይትኛ እሰማለሁ፣ ልናገር ስሞክር ግን ሰው ይስቅብኛል። የፋብሪካው ሠራተኞች እርስ በርስ በወላይትኛ ያወራሉ፣ ቢሮ ሲገቡ ወደ አማርኛ ይዞራሉ፣ እኔም በዚህ ምቾት ተኝቼ ነበር።

የሠራተኞቹ ነገር መጀመሪያ መነገር አለበት። ወላይታ ውስጥ የጊፋታ ሰሞን በሬ ያልደረሰው ሰው፣ ሰው መሀል መቀመጥ ያፍራል። ጊፋታ በመስከረም፣ ከመስቀል ጋር ጎን ለጎን የሚመጣ ዘመን መለወጫ ነው፤ ዝግጅቱ ግን የሚጀምረው ያለፈው በዓል ሥጋ ሳያልቅ ነው። ወንዶቹ በቡድን ሆነው ለበሬው፣ ሴቶቹ ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ ያጠራቅማሉ። የእኛ ሠራተኞች ቤት ያለ ብር አይቆይም ብለው ከየወር ደሞዛቸው ላይ ጥቂት ጥቂት ፋብሪካው ካዝና ውስጥ ያስቀምጡ ነበር። ወር በገባ ቁጥር ከደሞዝ መክፈያው ላይ እቀንሳለሁ፣ መስከረም ሲጠባ ተደምሮ ይሰጣቸዋል። ይህን ያስጀመረው ስቶር ኪፐራችን ነው፤ የጉኑኖ ሰው፣ ዕድሜው ወደ ስልሳ የገፋ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ በገመድ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥል። የእያንዳንዱን ሰው ብር በአንድ ጠርዙ በተበላ ደብተር በእርሳስ ይጽፋል። የእኔን ኮምፒዩተር ከዚያ ደብተር ጋር ሳያመሳክር ወር አይዘጋም ነበር። ይህ ነገሩ ያበሽቀኝ ነበር፣ ምክንያቱም ሁለት ጊዜ ስህተቴን አግኝቶብኛል።

በየዓመቱ በሬው ሲታረድ ለእኔም አንድ ድርሻ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ቤቴ ይላክልኝ ነበር። አንድም ብር ሳላዋጣ። ሒሳባችንን ስለምትይዢልን ነው ይላሉ።

በሰኔ መጨረሻ ዓመቱ ተዘጋና ክረምቱን የሒሳብ መግለጫ ሳዘጋጅ ከረምኩ። የእህቴ ባል ከባንክ ብድር ፈልጎ ስለነበር ባንኩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ከረንት ሬሾውን ነው አለኝ። ነገሩ ቀላል ነው። ድርጅቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ብር ሊሆንለት የሚችለውን ሁሉ፣ ማለት ጥሬ ገንዘቡን፣ መጋዘን ያለውን እህል፣ ከደንበኛ የሚሰበስበውን እደምራለሁ። ከዚያ በዚያው ዓመት ውስጥ መከፈል ያለበትን ዕዳ እደምርና የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍላለሁ። ሁለት ከመጣ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ብር ዕዳ ሁለት ብር አለ ማለት ነው። ከአንድ በታች ከመጣ ግን ገንዘብ ጠያቂዎቹ ሁሉ አንድ ቀን በር ላይ ቢሰለፉ የኋለኞቹ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ኮሌጅ ያስተማረን ሰውዬ ሁለት ካያችሁ ተኙ ይለን ነበር። የላይኛው ቁጥር ከምን እንደተሠራ ሳታዩ አትተኙ ቢለን ኖሮ እንዴት ጥሩ ነበር።

እሱ ያመጣልኝ ዝርዝር ሲካፈል ሁለት ነጥብ አንድ ሆነ። ካልኩሌተሩን አዞረብኝ፣ ፈገግም አለ።

ዝርዝሩን አየሁት። በቆሎው ባለፈው ዓመት ከበዴሳ በውድ በተገዛበት ዋጋ እንዳለ ተቀምጧል፤ ግማሹ ነቅዟል፣ አዲሱ ምርት ሲደርስ ደግሞ የአሮጌው ዋጋ እንደሚወድቅ ሶዶ ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም። ተሰብሳቢ ተብሎ የተደመረው ከሁለት ዓመት በፊት ዱቄት ወስዶ ሱቁን ዘግቶ ከጠፋ የገሱባ ነጋዴ የሚጠበቅ ብር ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። የሠራተኞቹ የጊፋታ ብር ደግሞ ከላይ፣ ከጥሬ ገንዘቡ ጋር ተደምሯል፤ ከታች፣ ከዕዳው ጋር ግን የለም።

ይህን ስጠይቀው፣ የሠራተኛው ብር ዕዳ አይደለም፣ አደራ ነው አለኝ። አደራ ደግሞ ሳይጠየቁ የሚመልሱት ነው እንጂ ዕዳ ውስጥ አይገባም፣ አንቺ የተማርሽው የፈረንጅ ትምህርት ስለ አደራ ምን ያውቃል አለኝ። ይህን ሲለኝ እንደማላምነው ያውቃል፣ እሱም ራሱ አያምነውም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

በሩን ዘግቼ የራሴን ሠራሁ። የነቀዘውን ቀነስኩ፣ የጠፋውን ነጋዴ ቀነስኩ፣ የሠራተኞቹን ብር ከዕዳው ጋር ደመርኩ። ዜሮ ነጥብ ሰባት። ለአንድ ብር ዕዳ ሰባ ሳንቲም። ያንን ወረቀት አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ የእሱን አትሜ ፈረምኩበት።

ለምን ፈረምሽ የሚለኝ ሰው ካለ መልሱ አጭር ነው፤ ፈርቼ። የቤት ኪራይ ነበረብኝ። እህቴም በዚያ እሁድ ምሳ ላይ፣ አፏን ሳትከፍት፣ ሰሃኔ ላይ ወጥ እየጨመረች እጄን ቆንጠጥ አድርጋኛለች። አትሟገቺው ማለቷ ነው። እሷንም ስለዚያ ቁንጥጫ ይቅር አላልኳትም።

በነሐሴ፣ ዳሞታ ተራራ ከነጭራሹ የማይታይበት የጉም ሳምንት ላይ፣ ስቶር ኪፐሩ ቢሮዬ ገባ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ ይቀመጡ ስለው እምቢ አለ። ሰው ያወራል አለኝ። ወፍጮው ሁለት ሳምንት ቆሟል፣ መኪናው ነዳጅ በዱቤ ነው የሚቀዳው ይላሉ። ብራችንን አሁን እናውጣ ወይስ እስከ መስከረም ይቀመጥ? አማርኛ ሲናገር አንተና አንቺ ይቀላቀሉበታል፣ እሱ ግን ግድ የለውም።

“ልጄ፣ አንተ የተማረ ሰው ነሽ። እኔ ሰዎቹን አንቺ ያልከውን ነው የምነግራቸው። ብሩ አለ?”

ያን ዕለት ብሩ ነበረ። ይህን ነው የማልረሳው። ባንክ ውስጥ ነበረ፣ ቼኩን ጻፊ ቢለኝ በማግስቱ ሊያወጡት ይችሉ ነበር። ውስጤም አውጡት፣ ዛሬ አውጡት ይል ነበር። ነገር ግን በግድግዳው በኩል የእህቴ ባል ስልክ ሲያወራ ይሰማኛል፣ የፈረምኩት ወረቀት ደግሞ ፊቴ ተቀምጧል። ወረቀቱን አዙሬ አሳየሁት። ልክ እንደ ካልኩሌተሩ።

“አባቴ፣ አይስጉ። ድርጅቱ ለአንድ ብር ዕዳ ሁለት ብር አለው” አልኩት።

ለአንድ ሁለት፣ ለአንድ ሁለት ብሎ ደጋግሞ በቃሉ ያዘው። ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። በመስኮቱ አየሁት፤ ጫኞቹን ሰብስቦ ሁለት ጣቱን ዘርግቶ ሲያስረዳ፣ ሴቶቹም ከጆንያ ስፌታቸው ቀና ብለው ሲሰሙ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔ ወለምታ እንኳ አልነበረም፤ ወለምታ ሳያስቡት የሚመጣ ነው።

ባንኩ ያንን መግለጫ ገልጦ እንዳላነበበው ኋላ ተሰማ። የቤት ካርታ ማስያዣ አምጡ ብሎ መለሰው። ባለአክሲዮኖቹ ግን አነበቡት። ጳጉሜን ላይ ተሰበሰቡ፣ የእህቴ ባል ሁለት ነጥብ አንዱን አቆላምጦ አቀረበላቸው፣ እነሱም ድርጅቱ እንዲህ እጁ ላይ ገንዘብ ካለው ለበዓሉ ትርፍ ይከፋፈል አሉ። ተከፋፈለ። ባንክ ያለው ጥሬ ገንዘብ በሦስት ቀን ውስጥ አለቀ። ለእንቁጣጣሽ እህቴ ቤት ስሄድ አዲስ ሶፋ ገብቷል፣ ላስቲኩ ገና አልተገፈፈም። በዚያ ላስቲክ ላይ ተቀምጬ ዳቦ ቆረስኩ። ላስቲኩ በተነቃነቅሁ ቁጥር ይጮህ ነበር።

የጊፋታ ገበያ ሊውል አንድ ቀን ሲቀረው ሠራተኞቹ ብራቸውን ሊወስዱ ተሰለፉ። የእህቴ ባል ለሥራ አዲስ አበባ ሄዷል ተባለ። ስልኩ አይነሳም። ሰልፉ ከቢሮዬ በር እስከ ሚዛኑ ድረስ ደርሶ ነበር፤ ሴቶቹ የቅቤ ዕቃቸውን ሳይቀር ይዘው መጥተዋል፣ ከዚህ በቀጥታ ቅቤ ሊገዙ። ወጥቼ ብሩ የለም አልኳቸው።  ወሬው በወላይትኛ ከፊት ወደ ኋላ እየተላለፈ ሲሄድና ሰዎቹ አንድ በአንድ አንገታቸውን ሲያዞሩ አየሁ። ሁሉም ያዩ የነበረው እኔን አልነበረም፣ እሱን ነበር። ስቶር ኪፐሩን። በነሐሴ አትውሰዱ ብሎ የመለሳቸው እሱ ነዋ።

ወደ እኔ መጣ። ባርኔጣውን በዚህ ጊዜ አላወለቀም።

“ለአንድ ሁለት ብለሃል። ሁለቱን አንቺ አሳየኝ።”

ዝርዝሩን አውጥቼ አነበብኩለት። ይህ ያህሉ ተሰብሳቢ ነው አልኩ፤ የገሱባውን ነጋዴ ስም ሲሰማ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ይህ ያህሉ ደግሞ በቆሎ ነው አልኩ። በቆሎ የሚለውን ሲሰማ ቁልፉን ከአንገቱ አውጥቶ መጋዘኑን ከፈተ። ሠራተኞቹ ተከትለው ገቡ፣ እኔንም መሀል አድርገው። አንዱን ኩንታል በእህል መፈተሻው መርፌ ወጋው፣ መዳፉ ላይ የፈሰሰውን እፍ አለበት። የቀረው ቅርፊት ነው፣ ነቀዙ በጣቶቹ መሀል ይሄዳል።

“ይሄን በሬ ያለው ሰው ይቀበለኛል?” አለኝ።

አይቀበልም አልኩት።

ከጫኞቹ አንዱ፣ ወጣቱና ትዕግሥት የሌለው፣ ብሩ በቆሎ ከሆነ በቆሎውን እንጫን አለ። ሌሎቹም ተቀበሉት፣ ጆንያ መሸከም ጀመሩ። ስቶር ኪፐሩ በሩ ላይ ቆመ። ከዚህ መጋዘን ያለ ሞዴል ሃያ ሁለት አንዲት ፍሬ ወጥታ አታውቅም፣ ዛሬም አትወጣም አላቸው። ሞዴል ሃያ ሁለት ዕቃ ከመጋዘን የሚወጣበት ደረሰኝ ነው። ፈራሚዋ እኔ ነኝ። ከደብተሩ ጋር አጣብቆ የያዘውን ጥራዝ አውጥቶ አቀረበልኝ፣ እስክሪብቶውንም ከጆሮው ላይ አንስቶ ሰጠኝ። ሰዎቹ ጆንያቸውን በትከሻቸው እንደያዙ ቆሙ።

የማልወደው ነገር ቢኖር ሰው በመጨረሻ ሐቀኛ ሆነ የሚል ወሬ ነው። እኔ በዚያች ደቂቃ ያሰብኩት ስለ ሐቅ አልነበረም። ያሰብኩት ስለ ሶፋው ነበር። የእህቴ ባል ከአዲስ አበባ ተመልሶ ባዶ መጋዘን ሲያገኝ ፊቱ ምን እንደሚመስል አሰብኩና ደስ አለኝ። ኩንታሉን እሱ በመዘገበበት ዋጋ አባዛሁት፣ ከሠራተኞቹ ብር ጋር እኩል የሚመጣውን ያህል ኩንታል ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ስቶር ኪፐሩ አንድ ቅጂ ቀደደልኝ፣ አንዱን ጥራዙ ላይ አስቀረ፣ ከዚያ ከበሩ ዘወር አለ።

በማግስቱ በአይሱዙ በዴሳ ገበያ ይዘነው ወረድን። እኔ ጋቢና ተቀመጥኩ፣ አልሄድም ብል የሚለቁኝ አይመስለኝም ነበር። በበዴሳ እህሉና ከብቱ የሚሸጡት ፊትና ኋላ ስለሆነ፣ ከተቀመጥኩበት በአንድ ዓይኔ የእኛን ጆንያ፣ በሌላው በሬዎቹን አያለሁ። ገዢ ይመጣል፣ እጁን ጆንያው ውስጥ ይከታል፣ ያሸታል፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ይሄዳል። ከጎናችን አዲሱ በቆሎ ነጭ ሆኖ ተከምሯል። እስከ ቀትር አንድም አልተሸጠም። በመጨረሻ የዶሮ መኖ የሚያዘጋጅ አንድ ሰው መጣና ለሁሉም አንድ ዋጋ ጠራ። ሰዎቹ ስቶር ኪፐሩን አዩ፣ እሱ በሬዎቹን አየ፣ ወደ ማምሻው ዋጋቸው እየናረ ነበር። እሺ አለ።

ያኔ ነው ከረንት ሬሾ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ። እኔ ባለ ዲግሪዋ፣ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ። ሀብት ነው ብዬ የጻፍኩት ነገር ዕዳው በሚጠየቅበት ቀን፣ በዚያ ገበያ፣ ለአንድ ብር አርባ ሳንቲም አወጣ።

ደብተሩ ተገለጠና እዚያው አቧራው ላይ ለእያንዳንዱ አርባ አርባው ተከፈለ። አራት የነበሩት የበሬ ቡድኖች ተዋህደው ሁለት ሆኑ፣ የገዟቸውም በሬዎች ጎድናቸው ይቆጠራል። ሴቶቹ ቅቤ ጠየቁ፣ ዋጋውን ሰምተው ዕቃቸውን ባዶ ይዘው መኪናው ላይ ወጡ። ወደ ሶዶ እስክንመለስ ማንም አላነጋገረኝም።

የእህቴ ባል ሲመለስ ከሥራ አባረረኝ። ይህ የሚጠበቅ ነበር። ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ እህቴን ከጎኑ አስቀምጦ፣ ካልኩሌተሩን አወጣና ያወጣሁትን ኩንታል በገዛበት ዋጋ አባዝቶ አዞረብኝ፤ የብሩን ዕቃ በአርባ ሳንቲም ሸጠሽ ዘረፍሽኝ አለ። እኔም ዜሮ ነጥብ ሰባት ያልኩበትን ወረቀት ከቦርሳዬ አውጥቼ ዘረጋሁለት። እህቴ ወረቀቱ መቼ እንደተጻፈ ጠየቀችኝ። በሐምሌ አልኳት። ታዲያ ታውቂ ነበር አለችኝ። ይህንን ያለችው ለእሱ ወግና ነው ብዬ ሁለቱንም ከቤቴ አስወጣኋቸው።

በበዓሉ ዕለት ቤቴ ቁጭ ብዬ የውጪውን በር ሳዳምጥ ዋልኩ። ለሥጋው ማጥቀሻ የሚሆን ዳጣ ተበጥብጦ ቀርቧል። በየዓመቱ ሥጋው የሚመጣበት ሰዓት አለፈ። ይገባኛል፣ ራሳቸውም አልበቃቸው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፣ ቢሆንም ከፋኝ። ወደ አመሻሹ ላይ በሩ ተንኳኳ። ስቶር ኪፐሩ ራሱ ነው የመጣው። የኮባ ቅጠል ይዞ እንደሆነ ብዬ እጁን አየሁ። የያዘው ደብተሩን ነበር።

ይግቡ ስለው ደጃፉ ላይ ቆመ። አርባው ተከፍሏል፣ ስልሳው ቀርቷል አለኝ። ፋብሪካውን ክሰሱ፣ እኔ እመሰክራለሁ፣ ወረቀትም አለኝ አልኩት።

“ፋብሪካውን እኔ መቼ ጠየቅኩ?” አለኝ። “በነሐሴ የጠየቅኩት አንቺን ነው።”

ደብተሩን ገለጠልኝ። የሰዎቹ ስም እንዳለ አለ፣ ከእያንዳንዱ ጎን የቀረው ስልሳ ሳንቲም ተባዝቶ ተጽፏል። ከላይ፣ ዓመታት ሙሉ ፋብሪካ የሚል ቃል የነበረበት ቦታ በላጲስ ተፍቋል፣ ወረቀቱ ሳስቷል። በምትኩ የእኔ ስም አለ። ፊቱ ላይ ቁጣ ፈለግሁ፣ ቢኖር ይቀለኝ ነበር። የለም። የመጋዘን ጉድለት ሲያገኝ የሚያሳየው ያው ፊት ነው። ያን ጊዜ ከእህቴ ባል ይልቅ እሱን ጠላሁት።

አሁን እዚሁ ሶዶ ፒያሳ አካባቢ የጥቂት ሱቆችን ሒሳብ እይዛለሁ። ደሞዜ ግማሽ ሆኗል፣ የራሴን ሬሾ ብሠራው ከአንድ በታች እንደሆነ አውቃለሁ። ወር በገባ ቁጥር ባጃጅ ይዤ ስቶር ኪፐሩ ቤት እሄዳለሁ። የምሰጠውን ይቆጥራል፣ ከአንዱ ስም ጎን ይሰርዛል፣ ምስጋናም ወቀሳም የለውም። በመጀመሪያ የሰረዘው የሴቶቹን ነው፣ የቅቤውን።

ባለፈው ወር ስሄድ ነሐሴ ሊገባ ነበር። ደብተሩን ዘግቶ፣ ዘንድሮ ለጊፋታ የቀረው ይደርሳል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ ሰዎቹ እኔን እየጠየቁኝ ነው አለ። ይደርሳል አላልኩትም። ቦርሳዬን ከፍቼ የነበረኝን ሁሉ፣ የባጃጅ መመለሻዬን ጭምር፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ቆጠርኩለት።